ለሚመጣው የተተወ ድንጋይ

በሩን ዝጉት። መቀርቀሪያውንም ጣሉበት። እንዲያ! አሁን ፋኖሱን ወደ መሃል አምጡት። ጋዙ ትንሽ ነው፣ ታሪኩ ረጅም ነው፤ የትኛው ቀድሞ እንደሚያልቅ አብረን እናያለን።

ናዳው ከላይ መንገዱን ስለዘጋው እስኪነጋ የሚሄድ የለም። እናንተ ሾፌሮች ደግሞ ስትሰበሰቡ ወሬያችሁ አንድ ነው። አሮጌዋን ላድሳት ወይስ ልሽጣት? ነጠላ ጋቢና ይሻላል ወይስ ደብል ጋቢና? ስሰማችሁ አምሽቼ ጆሮዬ ናፍጣ ሊያንጠባጥብ ደረሰ። አንተ ባለ ሹራቡ፣ በተለይ አንተ። ፒካፔ አረጀች፣ የእጅ ፍሬኗም አይዝም፣ ምን ልግዛ እያልክ እዚህ ያለውን ሁሉ ጠየቅክ። እኔን ግን አልጠየቅከኝም። ሻይ የምትቀዳ አሮጊት ስለ መኪና ምን ታውቃለች ብለህ ነው። ይሁን። ሳትጠይቀኝ እነግርሃለሁ።

ተረት ተረት አልልም፣ እናንተም የላም በረት አትበሉኝ። ይህ በረት የሚያስገቡት ነገር አይደለም።

ሰዓቱ ይህን ጊዜ ነው። ፀሐይ ጠልቃለች፣ ጨረቃ አልወጣችም። መንገዱ እንደ ዛሬው አስፋልት አይደለም፤ ኮረኮንች ነው። በግራ ተራራ፣ በቀኝ ገደል። ከታች ወንዝ፣ ከላይ መንደር። መሃል ላይ፣ መንገዱ የሚታጠፍበት ቦታ፣ ከአለት ሥር ምንጭ ይወጣል። ምንጩ ላይ ሾፌሮች ራዲያተር የሚሞሉባት አንዲት ጣሳ በሽቦ ታስራ ተንጠልጥላለች። ቤት የለም። መብራት የለም። ሰው የለም። የውሃው ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። የመንደሩን ስም አልነግራችሁም። ለምን? በኋላ ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ።

በዚያ መንደር ሞላልኝ የሚባል ሰው ነበር። ፒካፕ ነበረችው፤ ነጠላ ጋቢና፣ ነጭ። አንድ ጊዜ በሯ ተገንጥሎ ከሌላ መኪና የመጣ ቀይ በር ስለተገጠመላት አገሩ ሁሉ "ቡሬ" ይላታል። አዎ፣ የበሬ ስም ነው። ሴት መኪና የበሬ ስም! ሞላልኝ ግን ግድ አልነበረውም። "እንደ በሬ ትለፋለች፣ እንደ ላም ታበላኛለች፤ ምን ልበላት ታዲያ?" ይል ነበር። እህሉን ወደ ገበያ፣ ምጥ የያዛትን ወደ ጤና ጣቢያ፣ ሙሽራውን ወደ ሙሽሪት ቤት፣ ሬሳውን ወደ ቀብር የምትወስድ ቡሬ ነበረች።

መኪና መያዝ ያውቅ ነበር? ኧረ እንዴት አድርጎ! ዘይቷ ሳይጠቁር ይቀይራል። የአየር ማጣሪያዋን አውጥቶ ያራግፋል። ከኮረኮንች በወጣ ቁጥር ሥሯ ገብቶ ብሎኗን አንድ በአንድ ያጠብቃል። ጠዋት በደንብ ሳያሞቃት ንቅንቅ አይልም። ሚስቱ ትርንጎ፣ "ሰውዬ፣ እኔንም እንዲህ በየማለዳው ምን ይሰማሻል ብትለኝ ምን አለበት?" እያለች ትስቅበት ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አያደርግም። የቡሬ የእጅ ፍሬን ካቦው ተበጥሶ ከቀረ ቆይቷል። ያን አያሠራም። መካኒኩ ጋሽ እንድሪስ መኪናዋን ባያት ቁጥር ይጨቀጭቀዋል።

"ሞላልኝ፣ ይህን ካቦ እንቀይረው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።"

"ጋሽ እንድሪስ፣ አገሩ ሁሉ ድንጋይ ሆኖ ለካቦ ምን አደከመኝ?"

እና ምን ያደርጋል? ዳገት ላይ ሲቆም ወርዶ ድንጋይ ያነሳና ከኋላ ጎማዋ ሥር ይወትፋል። ታኮ! ለእናንተ ታኮ ምን እንደሆነ አላስተምርም። ቡሬ ምንጩ ጋ ስትደርስ ሁልጊዜ ትግላለች። እሱም ሁልጊዜ ይቆማል። ለዚያ ቦታ የለመደው አንድ ድንጋይ ነበረው፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ ወገቡ እንደ ኮርቻ የጎደለ፣ ጎማ ቁጭ የሚልበት። ድንጋዩን ይወትፋል። በጣሳዋ ውሃ ይቀዳል። ራዲያተሩን ይሞላል። ሞተር ያስነሳል። ይሄዳል። ድንጋዩስ?

እናንተን ነው የጠየቅኩት። ድንጋዩስ?

ድንጋዩ መንገድ ላይ ይቀራል! ማን ወርዶ ያነሳዋል? እሱ ከወረደ ቡሬ ወደ ኋላ ልትሄድ ነው። ከላይ የተጫኑት ሰዎች "ኧረ ሞላልኝ፣ ድንጋዩን!" ይሉታል። እሱ በመስኮት እጁን አውጥቶ እያወዛወዘ፣ "ተዉት፣ ለሚመጣው ይሁን! እሱስ ታኮ አይፈልግም?" ይላል። ይስቃል። እነሱም ይስቃሉ። ቀን ላይ የሚያልፍ እግረኛ ድንጋዩን ገፋ አድርጎ ከዳር ያስቀምጠዋል፤ ሞላልኝ ሲመለስ ደግሞ ያነሳዋል፣ ይወትፈዋል፣ ትቶት ይሄዳል። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ።

ለሚመጣው ይሁን። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

አንድ ክረምት፣ ጭጋግ መሬት በነካበት ምሽት፣ እዚያ መታጠፊያ ላይ አንድ መኪና ተገለበጠ ተባለ። ሾፌሩ የሩቅ ሰው ነው። መኪናዋን ከገደሉ አፋፍ ላይ ቁልቋል ይዞ አስቀራት። ሾፌሩን ግን ከምንጩ በታች ውሃ ውስጥ ነው ያገኙት፤ ሞቶ። እንዴት ተገለበጠ? "መንገድ ላይ ድንጋይ ነበር" አሉ። የማን ድንጋይ? መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ማን ይናገራል? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፤ ሞላልኝ ብቅ ሲል ወሬው ዝም ይላል። እሱም የማን ነበር ብሎ አልጠየቀም። ያ ጥቁር ድንጋይ ከምንጩ ዳር ጠፋ። ሞላልኝ ሌላ ድንጋይ ፈለገ።

ዓመት አለፈ። ቡሬ ደከመች። ሻንሲዋ ተሰነጠቀ፣ ተበየደ፣ ከብየዳው አጠገብ ደግሞ ተሰነጠቀ። ጠዋት እየሳለች ነው የምትነሳው። አንድ ቀን ጋሽ እንድሪስ ሥሯ ገብቶ ብዙ ቆየና ወጣ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ "ሞተሯን እኔ አለሁላት" አለ። "ሻንሲ ግን የጀርባ አጥንት ነው። ከእንግዲህ ዳገት ላይ ከባድ ጭነት ጭነህ አትሂድባት። ሌላ ፈልግ።" ሞላልኝ ያን ዕለት ምሳ አልበላም።

ሌላ ይፈለግ ተባለ። ያጠራቀሙት ወጣ፣ ትርንጎ ከጥጃነት ያሳደገቻቸው ወይፈኖች ተሸጡ። ኑሯቸው ሁሉ አንዲት መኪና ላይ ሊጫን ነው። ሲወጣ ትርንጎ ከደጅ ቆማ፣ "ብትጠፋብህ ሌላ ወይፈን የለኝም" አለችው። እንዲያው ለቀልድ ነበር። ግን አልሳቀችም።

ሞላልኝና ጋሽ እንድሪስ ወደ ከተማ ወረዱ። ደላላ ያዙ፤ ፈንታው የሚባል፣ ምላሱ ጎማ ሳይነፋ የሚሄድ ሰው። የመጀመሪያዋን ፒካፕ አሳያቸው፤ ቀለሟ ያብረቀርቃል። ጋሽ እንድሪስ ጎኗን በጣቱ አንኳኳ። እዚህ ጋ ቂው፣ እዚያ ጋ ዱብ። "ይቺ ግማሽዋ ላሜራ፣ ግማሽዋ ስቱኮ ናት" አለ። ሄዱ። ሁለተኛዋን አስነሷት፤ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ለቀቀች። "ይቺ ደግሞ ከናፍጣ ይልቅ ዘይት ትወዳለች" አለ። ሄዱ።

ሦስተኛዋ ደብል ጋቢና ነበረች። ሞላልኝ ገና ሲያያት ወደዳት። ባለ አራት በር፣ ከኋላ ሰው በወግ የሚቀመጥበት ወንበር ያላት። ምጥ የያዛትን ሴት ዝናብ ሳይነካት፣ ሽማግሌውን ነፋስ ሳይመታው እወስዳለሁ አለ በልቡ። ዋጋዋም እንደ ሌሎቹ አልነበረም፤ ረከሰች።

"ባለቤቱ የት ሄዶ ነው?" አለ ጋሽ እንድሪስ።

"ሄዷላ!" አለ ፈንታው። "እናቱ ናቸው የሚሸጡት።"

ጋሽ እንድሪስ ሥሯ ገባ፣ ወጣ። ኮፈኗን ከፈተ፣ ዘጋ። ጣሪያዋን በመዳፉ ዳሰሰ። ከዚያ ሞላልኝን ገለል አደረገው። "ሻንሲዋ ቀጥ ያለ ነው፣ ሞተሯ ጤነኛ ነው፣ የእጅ ፍሬኗ ገደል ላይ ያቆማል። ግን ተገልብጣ ታውቃለች፤ ጣሪያዋ በኋላ የተቀየረ ነው። ብረቷን ወድጃታለሁ። ታሪኳን ጠይቅ።"

"ታሪኳን ጭኜ አልሄድም ጋሽ እንድሪስ።"

እንዲህ አለ። ሳይጠይቅ ተዋዋለ፣ ሳይጠይቅ ፈረመ።

ቁልፉን ሲቀበል አንዲት ጥቁር የለበሱ እናት ከቤት ወጡ። ወይዘሮ የሺመቤት ይባላሉ። መኪናዋን በእጃቸው ነካ አደረጉና፣ "ልጄ፣ በእኛ አገር ከብት ሲሸጥ ገመዱ ይቀራል። ገመዱ ከሄደ በረከቱ ተከትሎት ይሄዳል ይባላል" አሉት። "ከዚች መኪና የማስቀረው ገመድ የለኝም። የምሰጥህ ግን አለኝ።"

ከመኪናዋ የጭነት ሳጥን ውስጥ፣ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ነበር።

"አውላቸውን፣ ልጄን፣ የገደለው ይህ ነው። ሰዎች አምጥተው ሰጡኝ። ልጥለው አልቻልኩም፣ ቤቴ ላኖረውም አልቻልኩም። አንተ በዚያ መንገድ የምትመላለስ ነህ አሉኝ። ምንጩ ጋ ስትደርስ፣ ከመንገዱ አውጥተህ፣ ከዳር አስቀምጥልኝ። ሌላ እናት እንዳታለቅስ። አደራ።"

ነጠላውን ገለጡት። ጥቁር ነው። ከባድ ነው። ወገቡ እንደ ኮርቻ ጎድሏል።

ሞላልኝ ምን ሆነ መሰላችሁ? ድንጋዩን አወቀው። ያን ጊዜ "እኔ ነኝ" ማለት ነበረበት። አንድ ቃል ናት፤ "እኔ ነኝ እማማ"። ተናግሮ ቢሆን እኔም ዛሬ ይህን አላወራም ነበር። እሱ ግን "እሺ እማማ" አለ። ሆድ ይፍጀው አለና አደራውን ተቀበለ።

ጋሽ እንድሪስ ያን ሰዓት አልነበረም፤ ለመግሪብ ወደ መስጊድ ሄዷል። ሲሄድ፣ "መሽቷል፤ ዛሬ እዚህ አድረን በጠዋት አብረን እንወጣለን። በማታውቃት መኪና፣ በጨለማ፣ ብቻህን እንዳትሄድ" ብሎታል። ሞላልኝ ግን ጭንቅ ያዘው። ጋሽ እንድሪስ ድንጋዩን ያውቀዋል፤ ስንት ጊዜ ቡሬ ዳገት ላይ ስትበላሽበት ያን ድንጋይ ታኮ አድርጎ ሥሯ ገብቷል! ካየው አለቀ። ስለዚህ ሶላቱ ሳያልቅ ሞተር አስነስቶ ወጣ። ብቻውን።

የወንዙ ድልድይ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጨለማ ነው። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ። ድንጋዩን አቅፎ አወረደና ከድልድዩ ላይ ወረወረው። ቧ! አለ ውሃው። ነጠላውንም አስከተለው። "አበቃ" አለ። አደራ በላ። እጁን በሱሪው ጠርጎ መሪውን ያዘና ዳገቱን ጀመረ።

መኪናዋ ትሄዳለች! ቡሬ በመጀመሪያ ማርሽ የምታቃስትበትን በሦስተኛ ትወጣዋለች። ደስ አለው። ሊያፏጭ አፉን አሞጠሞጠ።

ጠብ።

ፉጨቱን አቆመ። ከኋላ ወንበር ነው። ጠብ... ጠብ... ውሃ ወንበር ላይ ሲንጠባጠብ። ጣሪያው ያፈስ ይሆን? ዝናብ እኮ የለም። ዞር ብሎ አየ፤ ባዶ ወንበር። "የአዲስ መኪና ድምፅ ነው፣ እለምደዋለሁ" አለ። መስኮቶቹ ከውስጥ በጉም ተሸፈኑ። በእጁ ጠረጋቸው። ደግሞ ተሸፈኑ። አንድ ሰው ብቻ ያለበት ጋቢና እንዲህ ይታፈናል? እናንተ ሾፌሮች ናችሁ፣ ንገሩኝ። አይታፈንም።

መታጠፊያውን ሲዞር መብራቱ መንገዱ መሃል ላይ አንድ ነገር አገኘ። ድንጋይ ነው። ጥቁር። እርጥብ።

ፍሬን ረገጠ። "ድንጋይ ድንጋይን ይመስላል" አለ ለራሱ። አልወረደም። መሪውን ወደ ተራራው ጠምዝዞ በጎኑ አለፈው። ሲያልፈው አነሳው? አላነሳውም! ለሚመጣው ተወው።

ትንሽ ሄደ። ሌላ መታጠፊያ። መብራቱ ዞረ። መንገዱ መሃል ላይ፣ ጥቁር፣ እርጥብ፣ ወገቡ የጎደለ።

አሁን ድንጋይ ድንጋይን ይመስላል አላለም። በስመ አብ ብሎ በጎኑ አለፈና ነዳጅ ረገጠ። ያኔ የሙቀቱ መርፌ መውጣት ጀመረች። ወጣች፣ ወጣች፣ ቀዩን ነካች። የት ላይ? ምንጩ ጋ! እግሩ በራሱ ጊዜ ፍሬን ያዘ፤ ስንት ዓመት እዚያ ቦታ ሲቆም የኖረ እግር ነው። ማርሹን ነፃ አወጣ። ሞተሩን እንዳለ ትቶ፣ መብራቱን ትቶ፣ በሩን ከፍቶ ወረደ።

ምን ረሳ? ምን ረሳ እናንተ?

የእጅ ፍሬን! ስንት ዓመት የእጅ ፍሬን ስቦ አያውቅም፤ እጁ መሳቢያው የት እንዳለ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ድንጋይ ነው። ሁለት እርምጃ እንደሄደ ከጀርባው ጠጠር ሲንኳኳ ሰማ። መኪናዋ ወደ ኋላ መሄድ ጀምራለች። ቤቱ፣ ወይፈኖቹ፣ የትርንጎ ልፋት ወደ ገደሉ እየሄደ ነው። "ኧረ!" ብሎ ተወረወረ፤ አይደርስም።

ቋ!

ቆመች። አንድ ሰው ታኮ ወተፈላት።

"እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ!" አለ ሞላልኝ፤ እያለከለከ፣ ከልቡ።

የሚመልስ የለም። ዞሮ ከኋላ ጎማው ሥር አጎንብሶ አየ። ያ ድንጋይ ነው። የወንዝ ውሃ እየተንጠባጠበበት። ሰው ግን የለም።

ወደ በሩ ሮጠ። ከፍቶ የወረደው በር ተዘግቷል። ሳበው፤ ተቆልፏል። ሌላውን ሳበ፤ ተቆልፏል። ቁልፉ ውስጥ ነው፣ ሞተሩ ይሠራል። መስኮቱን በጉም ተሸፍኖ አገኘው። ከውስጥ በኩል፣ በኋላ ወንበር፣ አንድ እጅ ጉሙን ቀስ ብሎ ጠረገው። አንድ ፊት ታየ። ፀጉሩ ግንባሩ ላይ ተጣብቋል። ከአገጩ ውሃ ይወርዳል። ጠብ... ጠብ...

"ድንጋዩን አንሳ" አለው።

"ካነሳሁት መኪናዬ ገደል ትገባለች!"

"ስትተወው ለማን ነበር የተውከው?"

ሞላልኝ፣ "ለ... ለሚመጣው" አለ።

"የመጣሁት እኔ ነበርኩ።"

ሞላልኝ ወደ ኋላ ጎማው ዞሮ ተንበረከከ። ድንጋዩን ያዘው፣ ሳበው። መኪናዋ ወዲያው መንከባለል ጀመረች። እጁ ሳያስብ መልሶ ወተፈው። ቋ! ቆመች። አያችሁ ልማድን? ሞት ፊት ለፊቱ ቆሞ እንኳ እጁ የለመደውን አደረገ።

ከመስኮቱ ውስጥ ያ ፊት አየው። አልተቆጣም። "እናቴ አደራ ብላህ ነበር" አለው ብቻ።

ያን ጊዜ ሞላልኝ አለቀሰ። እንደ ልጅ ነው ያለቀሰው። ወይፈኖቹን አሰበ፣ ትርንጎን አሰበ፣ "ሌላ የለኝም" ያለችውን አሰበ። ደግሞ ጥቁር የለበሱትን እናት አሰበ። እሱ የሚያጣው ብረት ነው፤ እሳቸው ያጡት ልጅ ነው። ተነሳ። ድንጋዩን ከጎማው ሥር መነጨቀው፣ አቀፈው፣ ጀርባውን ለመኪናዋ ሰጠ።

ጠጠሩ ተንኳኳ። አልዞረም። መብራቱ አለቱ ላይ ዞረ፣ ሰማይ ላይ ዞረ፣ ጠፋ። ከገደሉ ሥር ድምፁ ሦስቴ መጣ፤ ከዚያ ዝም። አሁን ጨለማ ነው። ጨለማና ምንጩ ብቻ። ስንት ዓመት ብቻውን ያነሳው ድንጋይ ዛሬ ከበደው፤ ወገቡ ሊቆረጥ ደረሰ፣ ሊጥለው ነው።

ድንጋዩ በድንገት ቀለለ።

ለምን ቀለለ? ሞላልኝ ቀና አላለም። ዓይኑን ወደ ድንጋዩ ብቻ አወረደ። በዚህ በኩል የእሱ ሁለት እጆች አሉ። በዚያ በኩል ሌላ ሁለት እጆች አሉ። እርጥብ። ነጭ። ጥፍራቸው ሰማያዊ።

ሁለቱ ተጋግዘው እስከ ምንጩ ዳር ወሰዱት፣ ቀስ ብለው አስቀመጡት። ከዚያ እነዚያ እጆች ለቀቁ። ጣሳዋ በሽቦዋ ላይ ኪው ኪው አለች፣ ሰው በትከሻው ነክቷት ያለፈ ይመስል። ሌላ ነገር አልተሰማም።

ጎህ ሲቀድ ጋሽ እንድሪስ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ሲመጣ፣ ሞላልኝን መንገድ ላይ አገኘው፤ የተተዉ ድንጋዮችን አንድ በአንድ እያነሳ ከዳር ሲደረድር። ፀጉሩ ግማሹ ነጥቷል። ጋሽ እንድሪስ ወርዶ አቀፈው። ከዚያ ገደሉን ወርዶ መኪናዋን አየ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። "የእጅ ፍሬኗን ስበህ ነበር እንዴ?" አለው። "አልሳብኩም።" "እስከ መጨረሻው ተስቧል" አለ ጋሽ እንድሪስ። "ወላሂ፣ በዓይኔ አየሁት።" ማን ሳበው? ሰው ከወረደ በኋላ ከውስጥ የቀረው ማን ነበር?

ሞላልኝ በሳምንቱ እናትየው ዘንድ ሄደ። በር ላይ ተንበርክኮ፣ "ድንጋዩ የኔ ነበር እማማ። እኔ ነኝ" አላቸው። ወይዘሮ የሺመቤት፣ "መለስከው?" አሉት።

"መለስኩት።"

"ብቻህን? ከባድ ነው እኮ። እኔ ቤት ያመጡት ለሁለት ነው።"

አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ። እሳቸውም ገባቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ "ልጄ ድሮም ሰው ሲሸከም ቆሞ ማየት አይወድም ነበር" አሉ።

እና መኪናስ? ምን ገዛ? ምንም አልገዛም። በምን ይገዛል? ጋሽ እንድሪስ የቡሬን ሻንሲ በወፍራም ብረት ደግፎ በየደላት፣ ጭነቷን ቀነሱላት። የእጅ ፍሬን ካቦዋንም ቀየረው። የግማሽ ቀን ሥራ ነበር! ሞላልኝ ዕድሜውን ሙሉ በእሷ ሠራ። ትርንጎም ወይፈን እንደገና ማሳደግ ጀመረች። መንገድ ላይ ድንጋይ ባየ ቁጥር ይቆማል፣ ፍሬን ይስባል፣ ይወርዳል፣ ያነሳል። ሲያነሳ ግን ብቻውን አያነሳም ነበር። ሰው ጠርቶ ነው። ትንሽ ድንጋይ እንኳ ቢሆን፣ "ናና በዚያ በኩል ያዝልኝ" ይላል። ሰው ይስቅበት ነበር። እኔ አልስቅበትም ነበር።

ምን አልክ? እኔ በምን አወቅኩ?

ተነሡና የተቀመጣችሁበትን አግዳሚ እዩት። ፋኖሱን አስጠጉት። እንጨት አይደለም። የቡሬ የኋላ መዝጊያ ነው፤ እሱ ከሞተ ወዲህ እግር አስበየድኩለት። ትርንጎ እኔ ነኝ። ያን ሰው አርባ ዓመት ያበላሁት እኔ ነኝ።

አንተ ባለ ሹራቡ፣ ምን ሆንክ? ሻይህን ደፋኸው እኮ። ምን? ጣሳዋ? አዎ፣ አስፋልቱ ሲሠራም አልነኳትም፤ ዛሬም በሽቦዋ ላይ አለች። እንዴት አወቅክ?

ዛሬ ከሰዓት ነው የቆምከው? ራዲያተር ልትሞላ? የእጅ ፍሬንህ አይዝም ብለህ ነበር አይደል ቅድም... ታዲያ በምን አቆምካት?

ድንጋዩን አነሳኸው?

ልጄ፣ እየኝ። ስትሄድ አነሳኸው ወይስ ተውከው?

ዝም በሉ። ዝም! ሰማችሁ? ጠብ... ጠብ... ጣሪያው አይደለም። ዝናቡ ካቆመ ቆይቷል። ከደጅ ነው።

ቋ!

ኧረ አትጩሁ! መቀርቀሪያውን አንሡ። እኔ አለሁ፣ ክፈቱት። ደፉ ላይ ያለው ምንድነው? ጥቁር ነው? ንኩት እስቲ። እርጥብ ነው?

እንግዲህ ተረቴን መልሱ አልላችሁም። ድንጋዩን መልሱ። ሁላችሁም ተነሡ፣ ፋኖሱን ያዙ፤ ይህን ልጅ ብቻውን እንዳትለቁት። አንተ ያስቀመጥከው ነህ፣ በዚህ በኩል ያዝ። በዚያ በኩል ከእናንተ አንዱ ይያዝ። ቶሎ በሉ እንጂ! ያንን ጎን ባዶ አትተዉት፤ ባዶ ካገኘው የሚይዘው አለ።